የጀርሙ ጠያቂዎች

የሐሞት ከረጢቴን አውጥተው የሰፉት ቁስል አልድን ብሎ ሲመግል፣ ናሙና ወሰዱ። ውጤቱን ያመጣችልኝ ዶክተር ሄመን ፊቷ በርቶ ነበር።

«አዴ ገለቴ፣ ይሄ ባክቴሪያ ሰው ላይ ብዙም አይታይም። ውሃና አፈር ውስጥ ነው የሚኖረው። ምናልባት እዚሁ ተኝተው ሳለ ይሆናል የያዘዎት» አለችኝ።

«እሰይ! አንዱን ላራግፍ መጥቼ ሌላ ልሸከም?» አልኳት።

ስሙን ደጋግማ ነገረችኝ፤ የፈረንጅ ስም ነው፣ ምላሴ ላይ አልቆም አለ። ወደ ሌላ በሽተኛ እንዳይተላለፍ ብለው ጥግ ላይ አስተኙኝ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ጓንት ያጠለቁ ተማሪዎች አልጋዬን ይከቡታል። ጠያቂ በዛልኝ! እኔን መሰላችሁ? ጀርሙን ነው። «አሁንም አለ?» ይባባላሉ፣ ቁስሌን ያያሉ፣ ይሄዳሉ። ቢሆንም ወደድኳቸው። ከእነሱ ሌላ ማን አለኝና!

ልጄ ሚልኬሳ ቡራዩ ነው። አዲስ አበባን ወደ ገበሬው መሬት በሚያሰፋው ማስተር ፕላን የተነሳ አገሩ ሲታመስ፣ እሱ ከወጣቶቹ ጋር «መሬታችን አይነካም» እያለ አደባባይ ወጣ። እኔ ደግሞ እምቢ ብል መሬቱን በግድ ይወስዱታል ብዬ የአባቱን ማሳ ፈርሜ ለቀቅኩ። ምን ላድርግ! የሰማ ቀን «ከእንግዲህ እናት የለኝም» ብሎ ወጣ። ስታመም ሰው ላክሁበት፤ አልመጣም።

አስታማሚ የለዎትም ወይ ሲሉኝ «መንገዱ ተዘግቶ ነው» እላለሁ። እውነትም ተዘግቶ ነበር፣ በድንጋይና በሚቃጠል ጎማ። የጎኔ በሽተኛ ማሪቱም ባሏ ዱቤ ቡራዩ ቀርቶባት፣ አብረን መንገዱን እንረግማለን። እሷ ከልቧ ነው። እኔ ግን፣ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፣ እንዳይከፈት እጸልይ ነበር።

አንድ ጠዋት ተማሪዎቹ ቀሩ። በእነሱ ፋንታ ዱቤ ፌስታል አንጠልጥሎ ገባ። «ተከፈተ! በታክሲ ሰተት ብዬ መጣሁ!» ማሪቱ እየሳቀችም እያለቀሰችም አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ለእኔም ጎንበስ ብሎ «አካም ጂርቱ፣ አዴ?» ሲል እንደ እናቱ በኦሮምኛ ሰላም አለኝ። የሰፈራችን ሰው ነው፤ ስለ ሚልኬሳ ልጠይቀው አፌን ስከፍት ዓይኑን ሰበረ። ገባኝ፤ ልጄ አይመጣም።

ወዲያው ሄመን መጣች። «እንኳን ደስ ያለዎት፣ ጀርሙ ጠፍቷል!»

እልል ማለት ሲገባኝ ሆዴ ባባ። እሱም ሄደ ማለት ነው።

«ነገ ይወጣሉ። ልጅዎ መጥቶ ይወስድዎታል አይደል?»

አፌ ለምዶ «የቡራዩ መንገድ ተዘግቶ…» ብዬ ጀመርኩ። ዱቤ ፊት ለፊቴ ቆሟል። አንገቴን ደፋሁ።

ዱቤ እኔን አየኝ፣ ዶክተሯንም አየ።

«አዎ፣ ዶክተር» አለ፤ «ገና አልተከፈተም። እኔም በእግሬ ነው የመጣሁት።»

ሄመን ሊስትሮ እንደጠረገው የሚያበራውን ጫማውን አየች። «እሺ፣ እስኪከፈት እንጠብቃለን» አለችኝ።