የዳሲቱ ምስክርነት

ሰልዋ ከቀለም ፋብሪካው የወጣችው ተጣልታ አልነበረም። አቃቂ በሚገኘው በዚያ ፋብሪካ ቅመማ ክፍል ውስጥ ዓመታት ሠርታለች። ሌላ የቀለም ፋብሪካ ተከፍቶ «የክፍል ኃላፊ እናድርግሽ» ሲሏት ደስ ብሏት ሄደች። ስትቀጠር የፈረመችው የምስጢር ጥበቃ ውል ትዝም አላላትም።

አዲሱን ሥራ ገና ሳትለምደው መጥሪያ ደረሳት። የቀድሞ አሠሪዋ «የውጭ ግድግዳ ቀለማችንን አቀማመም ለተወዳዳሪ አሳልፋ ሰጥታለች» ብሎ ከሷታል። ፍርድ ቤቱም ክሱ እስኪወሰን ድረስ በቀለም ሥራ እንዳትሰማራ አገዳት። አዲሶቹ አለቆቿ አልተቆጧትም። «ጉዳይሽን ጨርሺና ነይ» ብለው የሥራ መታወቂያዋን ተቀበሏት።

ቱሉ ዲምቱ የተከራየችበት ኮንዶሚኒየም ቀን ቀን እንዲህ ጭር እንደሚል አታውቅም ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ በጠዋት ለታክሲ ሲሰለፍ በረንዳ ላይ ቆማ ታያለች። ኮምቦልቻ ያሉት እናቷ ሲደውሉ «ሥራ ላይ ነኝ እማ» ትላቸውና ስልኩን ዘግታ አልጋዋ ላይ ትቀመጣለች። ጠበቃዋ አቶ ታደሰ ስለ ክሱ ለማንም እንዳታወራ አስጠንቅቋታል። ማስጠንቀቂያው ባይኖርም የምታወራው ሰው ዳሲቱ ብቻ ነበረች፤ ቅመማ ክፍል ጎን ለጎን ቆማ የሠራች፣ ምሳዋን ከሷ ሌላ ከማንም ጋር በልታ የማታውቅ ጓደኛዋ። ዳሲቱ ደግሞ ስልክ ማንሳት ካቆመች ቆየች።

አንድ ቀን አቃቂ ላይ ከባጃጅ ስትወርድ አየቻትና ሮጣ ደረሰችባት።

«ዳሲ!»

ዳሲቱ ግራ ቀኙን ተገላመጠች። «ሰልዬ፣ በናትሽ አታናግሪኝ። እኔም እኮ ያንኑ ውል ፈርሜያለሁ። ካንቺ ጋር የታየ ይከሰሳል ብለውናል።»

«ደህና ነሽ ወይ ልልሽ ነው እንጂ።»

«ደህና ነኝ» አለችና መንገዱን ተሻግራ ሄደች።

ምስክር በሚሰማበት ቀን ሰልዋ ችሎት ስትገባ ዳሲቱን ከፋብሪካው ምስክሮች ጋር ተቀምጣ አገኘቻት። ተራዋ ደርሶ ዳሲቱ ከማለች በኋላ የፋብሪካው ጠበቃ ተነሣ።

«ተከሳሿ ሥራ ከለቀቀች በኋላ ደውላልሽ ታውቃለች?»

«አዎ፣ ደውላልኛለች።»

«ስለ ምን ጠየቀችሽ?»

ዳሲቱ ዳኛዋን አየች። ዳኛዋ እንድትመልስ ነገሯት።

«ምሳ ከማን ጋር እንደምበላ ጠየቀችኝ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ጠበቃው ፊቱን አጨፈገገ። «ስለ ቀለሙስ?»

«ስለ ቀለም አላነሣችም። ምሳ ከማን ጋር ትበያለሽ አለችኝ፤ ብቻዬን አልኳት። ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን። ሌላ አላወራንም።»

ሰልዋ ዕንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። ዳሲቱ ግን አንዴም ዞር ብላ አላየቻትም። ችሎቱ ሲነሣ ሰልዋ በሩ ላይ ጠበቀቻት። ዳሲቱ ከጠበቃው ኋላ ኋላ ወጥታ፣ አንገቷን እንደደፋች የፋብሪካው መኪና ውስጥ ገባች።

ፍርድ ቤቱ «ከሳሽ ምስጢር ስለመውጣቱ አላስረዳም» ብሎ ክሱን ውድቅ አደረገው፤ ዕግዱም ተነሣ። አቶ ታደሰ እጇን ጨብጦ «እንኳን ደስ አለሽ!» አላት። ይህን የምትነግረው ሰው አሰበችና አጣች፤ እናቷ እንኳ መከሰሷን አያውቁም። አዲሱ ፋብሪካ ስትሄድ በቦታዋ ሌላ ሰው ተቀምጧል። «ክፍት ሲገኝ እንጠራሻለን» አሏት። አልጠሯትም። በመጨረሻ ሳሪስ አንድ የቀለም መሸጫ ሱቅ ተቀጠረች።

የኢድ ዕለት ጠዋት ስልኳ ላይ መልእክት ገባ። ከዳሲቱ ነበር፦ «እንኳን አደረሰሽ።» ሌላ ቃል የለውም። ሰልዋ ብዙ ጻፈች፤ ስለ ሱቁ፣ ስለ ችሎቱ፣ እንዴት እንደናፈቀቻት። መልሳ አነበበችውና ይህ ነገር ዳሲቱን አንድ ቀን ችግር ላይ ይጥላት ይሆን ብላ ፈራች። ሁሉንም አጥፍታ «አሜን፣ እናመሰግናለን» ብላ ላከች።

ከዚያ ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ምናልባት ትደውል ይሆናል ብላ፣ እስከ እኩለ ቀኑ የዝሁር ሰላት ተቀመጠች።