የጸዳው ፎቶ

«ልጁን የት አደረጋችሁት?» አለች ዘርፈሽዋል።

ከእንሴኖ የመጣችው በጠዋቱ አውቶቡስ ነው። ታማ ስለነበር ለወንድሟ ቀብር አልደረሰችም፤ በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ውስጥ እያለቀሰች ገባች። አልቅሳ ወጥቶላት ልትቀመጥ ስትል ዓይኗ ፎቶው ላይ አረፈ። ለለቅሶው ተብሎ ከድሮ ፎቶ ላይ ቡታጅራ ፎቶ ቤት በትልቁ የታተመ ነው። ሟቹ ሰይፉ፣ ገና ወጣት ሳለ፣ ከእንጨት ሥራ ቤቱ በር ፊት ለፊት ዱካ በርጩማ ላይ ተቀምጧል።

«የምን ልጅ፣ አክስቴ?» አለች ዮርዳኖስ። የሟቹ ብቸኛ ልጅ ናት፤ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ተብላ ነው የኖረችው።

«ዳምጤን ነዋ! እዚህ ጭኑ ላይ ነበር። እጁን አታይውም? እንዳቀፈው እኮ ነው።»

ዮርዳኖስ ቀና ብላ አየች። የአባቷ ግራ እጅ ባዶ አየር አቅፏል። ይህን እጅ በኮምፒውተር አሳድጋ፣ አሳንሳ፣ ጥፍሩ ሥር ያለው ሙጫ እስኪታያት ድረስ አይታዋለች። ሰው ምን ሆኖ እጁን እንዲህ ያደርጋል ብላ ግን አንድ ቀን አልጠየቀችም።

«ዳምጤ ማነው?»

ዘርፈሽዋል አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች። ግራ ቀኝ አይታ ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ ማንን እንደምትፈራ እሷም አታውቅም፤ የሚከለክሏት ወንድሟም ሚስቱም ሞተዋል።

«ታላቅሽ ነዋ። በሰባ ስድስት ማጅራት ገትር ገደለው፤ አራት ዓመቱ ነበር። ሐኪም ቤት ያደረስኩት እኔ ነኝ፣ በጀርባዬ አዝዬ። አንቺ ስትወለጂ እናትሽ ስሙ እዚህ ቤት እንዳይነሳ አስማለችን። ይቺስ በሟች ጥላ ሥር አትደግብኝ አለች። እኛም እሺ አልን።»

እናቷ የሞተችው ዮርዳኖስ አሥረኛ ክፍል ሳለች ነው። መሐላው ግን አልሞተም፤ ሰፈሩ ሁሉ አፉን እንደያዘ ቀረ።

ያለፈው ዓመት ክረምት መግቢያ ላይ ነበር አልበሙን ወደ ወልቂጤ የወሰደችው። ኮምፒውተር የምታስተምርበት ትምህርት ቤት አዲስ ስካነር ገዝቶ ነበር።

«አባዬ፣ ሻጋታ እየበላው ነው። ሁሉንም ስካን አድርጌ በአዲስ አልበም አመጣልሃለሁ።»

«ተይው፣ ይቅር» አለ ሰይፉ። ሁለት ጊዜ አለ። እሷ ደግሞ አንዴ ከያዘች አትለቅም። በመጨረሻ በፌስታል ጠቅልሎ ሰጣት። «ብቻ አደራ» አላት።

ክፍል ስትጨርስ ቁጭ ብላ አንድ በአንድ አጸዳቻቸው። ሥራውን ወደደችው። የተሰነጠቀውን ገጠመች፣ የደበዘዘውን አጠቆረች። ዱካው ላይ ተቀምጦ በተነሳው ፎቶ ግን አባቷ ጭን ላይ ነጣ ያለ ጭጋግ አገኘች፤ ውኃ የገባበት መሰላት። ከበሩ ጣውላ ትንሽ ትንሽ እየቀዳች ሸፈነችው፤ ከሱሪው ጨርቅ እየቀዳች ጭኑን ሞላችው። ሁለት ቀን ፈጀባት። ሲያልቅ የመምህራን ክፍል ወስዳ አሳየች፤ ሁሉም አደነቁላት። የድሮውን አልበም ከፈተና ወረቀት ጋር ግቢው ጥግ አቃጠለችው፤ ሲያስነጥሳት ነበር የሰነበተው።

አዲሱን ለአባቷ ስትሰጠው እያገላበጠ እዚያ ገጽ ላይ ቆመ። ወረቀቱን በአውራ ጣቱ ዳበሰው።

«በሩን አሳምረሽዋል» አለ።

አናጢ ነው፤ የባለሙያ ምስጋና መስሏት ደስ አላት።

«ዋናውስ?»

«አቃጠልኩት፣ አባዬ። ሻግቶ ነበር እኮ።»

ሰይፉ አልበሙን ዘጋው። «እጅሽ ይባረክ» ብሎ ወደ መላጊያው ተመለሰ። ያን ምርቃት ለጓደኞቿ ሁሉ አውርታላቸዋለች።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለች አሁን። «ቆሻሻ መስሎኝ ነው፣ አክስቴ።»

ዘርፈሽዋል አፈጠጠችባት። «ዳምጤ ቆሻሻ? ፎቶ ሲነሳ አልረጋ ብሎ ነዋ የደበዘዘው! እግሩ ይታይ ነበር። ጆሮው ይታይ ነበር።» ደረቷን ይዛ ተነፈሰች። «እሺ፣ መልሽው እንግዲህ። ኮምፒውተሩ አይመልሰውም?»

«አይመልሰውም። የስካኑ ዋና ፋይል ላይ ነው ሴቭ ያደረግኩት።»

ከውጭ ብርጭቆ ሲታጠብ ይሰማል። ከወንዶቹ በኩል አንድ ሽማግሌ መዝሙር ጀመሩ፤ የተከተላቸው ሰው ጥቂት ነው።

«ለምን አልነገረኝም?» አለች ዮርዳኖስ።

«ምን ብሎ ይንገርሽ? ወንድምሽን ሁለተኛ ቀበርሽው ይበል?» አክስቷ እንባዋን በእጇ ጠረገች። «ያኔ በክረምቱ ስልክ ደውሎልኝ ነበር። ዘርፌ፣ የዳምጤ መልክ ይታይሻል ወይ አለኝ። አዎ አልኩት። ለምን እንደጠየቀኝ ዛሬ ገና ገባኝ።»

«ምን ይመስል ነበር? እስኪ ንገሪኝ።»

ዘርፈሽዋል ልትነግራት ስትል ዓይኗ ፎቶው ላይ ባዶው ጭን ላይ ሄደ።

«ዋሽቼው ነው» አለች። «አይታየኝም። ሠላሳ ዓመት ሊሆነው ነው እኮ። እኔስ እዚህ ስመጣ ያቺን ፎቶ እያየሁ አይደል የማስታውሰው?»

የዮርዳኖስ አባት የዳምጤን መልክ ከሰው ትዝታ ሲፈልግ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ነው የሞተው፤ እሷ ላይ ግን አንድ ቀን ፊቱን አላጠቆረም። ቢቆጣት፣ ቢሰድባት በተሻላት ነበር።

የሚኒባስ በር ተንሸራቶ ሲከፈት ተሰማ። ከወልቂጤ የሥራ ባልደረቦቿ መጡ፣ አንገታቸውን ደፍተው ተከታትለው ገቡ። ሐዘንተኛ ለመጣ ሰው ሁሉ ተነስቶ እንደ አዲስ ያለቅሳል፤ ሦስት ቀን ሙሉ «አባዬ፣ አባዬ» ስትል ነው የቆየችው። ተነሳች።

«ዳምጤ!» አለች። «ወንድሜ! ወንድሜ ዳምጤ!»

መምህራኑ ደንግጠው ቆሙ። የሰው ለቅሶ ቤት ተሳስተው የገቡ መሰላቸው፤ አንዱማ ወደ በሩ ዞር አለ። ሽማግሌው መዝሙሩን አቋረጡ። ያ ስም በዚያ ግቢ ጮክ ተብሎ ከተጠራ ዘመን አልፎታል።

ዘርፈሽዋል ተነሳች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና፣ ወንድም ለሞተባት እህት እንደሚደረገው፣ የዮርዳኖስን ወገብ ጠበቅ አድርጋ አሰረችላት።