ለጥሩምባ ነፊው ማን ነፋ

«አንቺ ነሽ አባቴን ያስነፋሽው?» አለች ሉዋም።

ከእናቷ ለቅሶ ተነስታ የመጣችው እትዬ ጥሩነሽ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። ፍራሹ ላይ ያሉት ሴቶች ቀና ብለው አዩዋት።

«ልጄ፣ ለቀስተኛ እንዲህ አይባልም» አለቻት አንዷ።

«ለቀስተኛ ናት ወይስ አስለቃሽ? እሱን ነው የጠየቅኋት!»

የሉዋም አባት ጋሽ ደበሳይ የእሪ በከንቱ ሰፈር እድር ጥሩምባ ነፊ ነበር። ሰው ሲሞት ከዳገቱ እስከ ወንዙ እየነፋ፣ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ይላል። ባለፈው ክረምት በቀኝ ጎኑ ውጋት ቀስፎ ያዘውና ትንፋሽ አጠረው። ጎረቤት ምች ነው ሲል ሉዋም ሆስፒታል ወሰደችው።

«የድሮው ቲቢ ሳንባቸውን አቅጥኖት የአየር አረፋዎች ቋጥሯል» አላት ሐኪሙ ራጁን እያሳየ። «አንዱ ፈነዳ፤ ያመለጠው አየር ደረታቸው ውስጥ ታምቆ ሳንባቸውን ጨፈለቀው።»

በጎድን አጥንቶቹ መሃል ቱቦ አስገቡለት። የታመቀው አየር ውሃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ እየተንቦቀቦቀ ወጣ፤ ሳንባው ቀስ በቀስ ተነፋ። ዳግም እንዳይፈነዳ ሳንባውን ከደረቱ ግድግዳ ጋር የሚያጣብቁበት ቀጠሮም ተያዘለት።

«እስከዚያም ከዚያም በኋላ፣ ጥሩምባ የለም» አለው ሐኪሙ።

«ፊኛስ?»

«ፊኛም።»

«በቃ፣ ሐሜት ብቻ ቀረችልኝ በላ!»

እድሩም አልተቸገረም። ሰፈሩ ፈርሶ ሰው ከተበተነ ወዲህ ሞት የሚነገረው በቴሌግራም ነው። የእትዬ ጥሩነሽ እናት የሞቱ ዕለት ግን ጋሽ ደበሳይ፣ ያ ቀጠሮ ሳይደርስ፣ ፍርስራሹ መሃል ቆሞ ነፋ። ያው ውጋት ያዘው። በዚህኛው ጊዜ ግን ሆስፒታል ሳይደርስ አረፈ።

«እኔ ነኝ» አለች እትዬ ጥሩነሽ። «መታመሙን አውቃለሁ፤ መከልከሉን አልነገረኝም። እናቴን በስልክ አትሸኝብኝ ብዬ ለመንኩት። ምናለ አልችልም ቢለኝ…»

ሉዋም «ለምን ለመንሽው» ልትላት ነበር። ግን ትናንት፣ የአባቷ አስከሬን ሊወጣ ሲል፣ እሷ ራሷ የእድሩን ዳኛ የአቶ እሸቴን ኮት ጨምድዳ ጮኻለች።

«የሚነፋለት ፈልጉ! ለሰው ሁሉ የነፋ ሰው በዝምታ አይሄድም!»

«ሉዬ» አሏት ሰውየው እያለቀሱ፣ «የሚነፋው እኮ እሱ ብቻ ነበር።»

የአባቷም ሞት በቴሌግራም ተነገረ። ከመልእክቱ ሥር የሚያለቅሱ ቢጫ ፊቶች ተደረደሩ።

እትዬ ጥሩነሽን ሳግ አንቆ ያዛት። ሉዋም ተነስታ ሄደችና መዳፏን ጀርባዋ ላይ አሳረፈች።

«ቀስ ብለሽ» አለቻት። «ቀስ ብለሽ ተንፍሺ።»