ባዳ ከወንድም በፊት

ከዚያ ሰኞ በፊት የነበረን ይህ ነው፦ አንድ ነጭ ግድግዳ፣ ሰከንድ የሚቆጥር አንድ የእጅ ሰዓት፣ በአስራ አንድ ዓመት የተሰበሰበ የሁለት መቶ አስራ አራት ሰዎች ውጤት። ተፈታኙ ጀርባውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሁሉ ጉልበቱን አጥፎ እስኪደክመው ይቆያል። በቆየበት በየሃያ ሰከንዱ አንድ ኪሎ ዱቄት ለሌላ ሰው ይላክለታል። ሦስት ጊዜ በተከታታይ ይሞክራል፤ መጀመሪያ ለወንድሙ ወይም ለእህቱ፣ ቀጥሎ ለአጎቱ ልጅ፣ በመጨረሻ ለባዳ። አማካዩ 112፣ 84 እና 61 ሰከንድ ነበር። ዝግመተ ለውጥ ለሥጋ ዘመድ እንድንደክም አድርጎ ቀርጾናል የሚለው መላምታችን የቆመው በእነዚህ ቁጥሮች ላይ ነው። ሐሙስ ገምጋሚዎች መጥተው ቤተ ሙከራው ይቀጥል ወይስ ይዘጋ የሚለውን ይወስናሉ።

ሰኞ ጠዋት ሰዓቱን የሚይዙት ሽማግሌ፣ ጋሽ ሰከንድ የምንላቸው፣ ሥራ ሲፈቱ ራሳቸው ሦስቱንም ዙር ሞከሩት። ጉልበታቸውን እያሹ ተነሱ።

«ልጄ፣ ሦስተኛው ላይማ ለእናቴም አልቆይም!»

«እንዴት ጋሼ?»

«ወንድም ሁሌ መጀመሪያ ነዋ። የባዳው ተራ ሲደርስ ጉልበት ከየት ይምጣ?»

የዙሮቹ ቅደም ተከተል የተጻፈበትን ቅጽ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ባዳን ከወንድም በላይ መጻፍ ነውር መስሎኝ ነበር።

ቤተ ሙከራውን ለሚመሩት ፕሮፌሰር ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ዘር ከልጓም ይስባል። ይህን የማያውቅ አለ?»

«ሁሉም ካወቀውማ እኛ ምን ልንሠራ ተቀጠርን?»

«እስከ ሐሙስ አፍሽን ያዢ።»

ማክሰኞና ረቡዕ ሠላሳ ስድስት ሰዎች ጠራሁ፤ ለእያንዳንዱ ሰው የወንድምን፣ የአጎት ልጅንና የባዳን ተራ በዕጣ አወጣሁ። ጋሽ ሰከንድ ያለ ቀልድ ቆጠሩ።

ሐሙስ ሁለቱንም ውጤት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ፕሮፌሰሩ በመስኮት ወደ ውጭ ያዩ ነበር።

«እንግዲህ መላምቱ ሐሰት ነው?» አለ አንደኛው ገምጋሚ።

«አላውቅም። የለካነው ድካምን ነው። ዝምድናን ገና አልለካንም።»

«ለመለካትስ?»

«ብዙ ሰው፤ ሁለት ዓመት።»

እስክሪብቶውን ከደነ።

ቤተ ሙከራው በወሩ መጨረሻ ተዘጋ። ጋሽ ሰከንድ ሰዓቱን ለዕቃ ግምጃ ቤት አስረከቡ። እኔ መዝገቡን ከመመለሴ በፊት የመጨረሻውን መስመር ሞላሁ፦ ተራ በዕጣ፣ ሠላሳ ስድስት ሰው፤ ወንድም ከባዳ የበለጠው በ4 ሰከንድ፤ የስህተት ወሰኑ 9 ሰከንድ።