ያክ 141 እና ቆመው የቀሩት ሽማግሌዎች

ሳሊሕን የሰደበው አክረም ነው። ባለፈው ዒድ አልፈጥር፣ ሳን ሆዜ፣ ከሶላት መልስ ፓርኪንጉ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ሳሊሕ ስለ ያክ 141 እያወራ ነበር፤ እንደ ሄሊኮፕተር ቀጥ ብሎ ስለሚነሳው፣ ጥቂት ተሠርቶ ስለተተወው የሶቭየት ተዋጊ አይሮፕላን። "ሶቭየት ኅብረት ለሥልጠና ሄጄ ሞተሩን በእነዚህ እጆቼ ፈትቼ ገጥሜዋለሁ" ሲል አክረም ከት ብሎ ሳቀ።

"አንተና አይሮፕላኑ አንድ ናችሁ እኮ! ተሞክራችሁ የቀራችሁ።"

ሳቁ ኦክላንድ እስካለው ቤቱ ድረስ መኪናው ውስጥ አብሮት መጣ።

አሁን ደግሞ ያው አክረም ሽማግሌ ይዞ መጣ፤ የሳሊሕን ልጅ ዩስራን ለወንድሙ ልጅ ሊጠይቅ። ዩስራ ልጁን ወዳዋለች፣ ምን ይደረግ። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ "ተቀመጡ" እስኪባሉ ቆሙ። ሳሊሕ አላስቀመጣቸውም። የማንን ልጅ እንደሚጠይቁ መጀመሪያ ይወቁ ብሎ የያክን ወሬ አመጣው፤ ሞተሩን፣ በረዶውን፣ ጄኔራሉ ትከሻውን መታ መታ ያደረገውን።

አክረም አላስጨረሰውም። "እኚህ ጋሽ ሀብቱም ያኔ እዚያው አስተርጓሚ ነበሩ። እስቲ ይጠየቁ!"

ሳሊሕ ምርኩዝ የተደገፉትን ራሰ በራ ሽማግሌ ያን ጊዜ ነው ያወቃቸው። "ፈተናውን ወድቀሃል፣ ወጥ ቤት ተመድበሃል" የሚለውን የሩሲያዊውን መምህር ቃል በአማርኛ የነገሩት እሳቸው ናቸው። ሳሊሕ አገሩ እስኪመለስ ድንች ሲልጥ ኖረ። ያክን ያየው በማሠልጠኛው ክበብ ግድግዳ ላይ፣ በፎቶ ብቻ።

ዩስራ ከጓዳው በር ላይ ቆማ ትሰማለች።

ጋሽ ሀብቱ እሷን አዩ፣ ከዚያ ሳሊሕን።

"እውነቱን ነው" አሉ። "ሞተሩ ላይ ሲሠራ በዓይኔ አይቻለሁ።"

አክረም አንገቱን ደፋ። "አውፍ በለኝ፣ ሳሊሕ።"

ያን ጊዜ ተቀመጡ ተባሉ። ዩስራም ተሰጠች፣ ዱዓ ተደረገ። ይህን ይቅርታ ስንት ወር የጠበቀው ሳሊሕ ግን ቀና ብሎ ማንንም ማየት አቃተው።

ጋሽ ሀብቱን ደግፎ ወደ መኪናው አደረሳቸው።

"ለሽምግልና ሄጄ ስዋሽ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው፤ ለልጅቷ ብዬ" አሉት። "ግን አንተ ልጅ፣ የላጥከውን ድንች እኮ የበላነው እኛ ነን። ምኑ አሳፈረህ?"

ሳሊሕ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋላቸው። ከዚያም ቤቱን በስተኋላው ትቶ፣ በመንገዱ ቁልቁል ሄደ።