ውርጭ ያጓጎለው ደም

አሲያ ከአልዩ አምባ ቆላ ወጥታ ደብረ ብርሃን ላይ ዘጠኝ ዓመት ስትኖር፣ ብርዱን አንድ ቀን እንኳ ለምጄዋለሁ ብላ አታውቅም። ኅዳር በገባ ቁጥር የሆስፒታሉ ግቢ ሣር በውርጭ ነጥቶ ይጠብቃታል። እሷም የላብራቶሪው መስኮት ሥር ቆማ፣ ጉሙ ሲገፈፍ፣ ዛፎቹ አንድ በአንድ ብቅ ሲሉ እያየች ፈዝዛ ትቀራለች። ሕልመኛ ይሏታል። እውነታቸውን ነው፤ ስሟን ሁለት ሦስቴ ካልጠሯት አትሰማም።

ሥራው ላይ ግን ሌላ ሰው ናት። መጀመሪያ ወለል ወልዋይ ነበረች፤ ከዚያ ብልቃጥ አጣቢ፣ ከዚያ የጋሼ ገብረአብ ረዳት። ጋሼ ገብረአብ የደም ምርመራን ያስተማሯት፣ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ካፖርታቸውን ያላወለቁ ሽማግሌ ናቸው። «ደም ሲበርደው ይዋሻል፤ ሳታሞቂ አትመኚው» ይሏት ነበር። የአንዳንድ ሰው ደም ብርድ ካገኘው በራሱ ጊዜ ይጓጉላል፤ የሚያየው ሰው መመርመሪያው መድኃኒት ያጓጎለው ይመስለዋል። ስለዚህ ጋሼ ገብረአብ ብልቃጡን ብብታቸው ውስጥ ይወሽቁት ነበር። አሲያ ደግሞ እጇ ሁልጊዜ የሚሞቅ ሰው ናትና በመዳፏ ትጨብጠዋለች። ይህን የሚጽፍ መጽሐፍ አልገጠማትም።

ችግሩ ወረቀት የላትም። የብቃት ምስክር ወረቀት የሌለው ሰው ደም ይመረምራል እንጂ የደም ጠርሙሱ ላይ አይፈርምም። ዓመታት ሙሉ እሷ መረመረች፣ ሌላ ሰው ፈረመ። ሁለቴ ተፈትና ሁለቴም በጽሑፉ ወድቃለች። በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ጽሑፉን እንደምንም አለፈች፤ የቀራት የተግባር ፈተናው ብቻ ነው። ይህን ከወደቀች ወደ መዝገብ ቤት እንደምትዛወር በደብዳቤ ተነግሯታል። ደብዳቤውን ካነበበች ወዲህ እንቅልፍ አልወሰዳትም።

ፈታኙ ጓድ ወልደተንሣኤ ከአዲስ አበባ መጣ። የዚሁ የብርዱ አገር የመዘዞ ልጅ ነው፤ ግን አገሩን ረስቶታል መሰል፣ የፈተናውን ደም የያዘውን ሣጥን ላንድሮቨሩ ውስጥ አሳደረው። ጠዋት ሲከፈት ደሙ ውርጭ መትቶት ቀይ ውሃ ሆኗል። አሲያ ፈተናው ሊሰረዝብኝ ነው ብላ ደነገጠች።

«ችግር የለም» አለ ፈታኙ እጅጌውን እየጠቀለለ። «ደሙን ከኔ ቅጂ። የራሴን ዓይነት አውቀዋለሁ፤ መልሱ አይጠፋኝም። ብቻ እንዳታበዢው፤ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ጨጓራዬን ሊከፍቱኝ ስለሆነ ያስፈልገኛል።»

በዚሁ በጨጓራው ምክንያት በፔርሙስ ትኩስ ወተት ይዞ ነው የሚዞረው። ደሙን ከቀዳች በኋላ ኩባያውን ወተት ሞልቶ፣ እየተነነ እንዲበርድለት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ሰዓቱን ፈታ። «ግማሽ ሰዓት አለሽ» አላት።

«ቢስሚላህ» ብላ ጀመረች። ሁለት ጠብታ ደም ስስ መስተዋት ላይ አኖረች፤ በአንዱ ላይ የ«ኤ» መመርመሪያ፣ በሌላው ላይ የ«ቢ» ጨመረች። ሁለቱም ጓጎሉ። ኤቢ ማለት ነው፤ ጽፎ መውጣት ነበር። እሷ ግን ሦስተኛ ጠብታ አኖረችና የጨው ውሃ ብቻ ጨመረችበት። እሱም ጓጎለ። በጨው ውሃ ብቻ የሚጓጉል ደም የለም፤ ያጓጎለው ብርዱ ነው።

የደሙን ብልቃጥ ጨበጠችው። ዛሬ ግን እጇ ራሱ በፍርሃት በረዶ ሆኗል። መስተዋቱን ዝም ብላ አየችው። ጓጓላዎቹ በቀይ ባሕር ላይ ያሉ ደሴቶች መሰሏት፤ ከአንዱ ደሴት ላይ አባቷ አብዱልጀሊል በቆላው ንፋስ በቅሎ እየጫኑ ሲጠሯት ሰማች፤ እሷም በባዶ እግሯ በሞቀው አሸዋ ላይ ወደሳቸው ትሄዳለች፣ ትሄዳለች፣ አትደርስም። ከዚያ የወተት ሽታ ከሕልሟ መለሳት።

«ጓድ ወልደተንሣኤ፣ ወተትዎን ያውሱኝ።»

«ምን?»

መልስ አልጠበቀችም። የብልቃጡን ክዳን አጥብቃ፣ የጨው ውሃውን ብልቃጥም ጨምራ ኩባያው ውስጥ ነከረቻቸው። ደሙ ሲሞቅ እንደገና ሦስት ጠብታ መስተዋት ላይ አኑራ፣ መመርመሪያዎቹንና የጨው ውሃውን ጨምራ፣ መስተዋቱን በኩባያው አፍ ላይ ጋደም አደረገችው። ደሴቶቹ ጠፉ። ባሕሩ ለጥ አለ፤ በሦስቱም ጠብታ ላይ አንድም ጓጓላ የለም። ወረቀቷ ላይ «ኦ» ብላ ጻፈች።

ፈታኙ አነበበው። ቁጣው ሳይመጣ ሐዘኔታው ቀደመ። «ስሚ እህቴ፣ ሦስተኛ ጊዜሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ደሙ የኔ ነው፤ ኤቢ ነኝ። ሰባት ደቂቃ ይቀርሻል፤ ሰርዢና ጻፊ። እኔ አላየሁም።»

ያንን ወረቀት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ስንት ጊዜ በሕልሟ አይታዋለች! እስክሪብቶውን አነሣች። መልሳ አስቀመጠችው።

«ፈተናው ላይ ኤቢ ብዬ ልጽፍልዎ እችላለሁ» አለች። «ግን ያው እርስዎ ሊከፈቱ ነው። ኦ ሆነው የኤቢ ሰው ደም ከተሰጠዎ ወላሂ ይሞታሉ። የት ነው የተመረመሩት?»

«ጣርማ በር» አለ ቀስ ብሎ። «ለጦሩ ደም ስንለግስ፣ በጥቅምት፣ ድንኳን ውስጥ።» ጥቅምት ሲል ብርዱ ትዝ አለው።

ብልቃጡን ከእጇ ተቀበለ። ራሱ አንድ ጠብታ በቀዝቃዛው መስተዋት ላይ በጨው ውሃ በጠበጠ፤ ጓጎለ። ኩባያው ላይ አሞቀው፤ ሟሟ። ሁለቴ ደገመው። ከዚያ ከደረት ኪሱ ጠርዙ የተበላ የደም ለጋሽ ካርድ አውጥቶ ከፊቷ አኖረ።

«አዲስ አበባ ስገባ አስደግመዋለሁ። እስከዚያ ግን ይህን ይዤ አልዞርም። አርሚልኝ።»

አሲያ «ኤቢ» የሚለውን ሰርዛ «ኦ» ብላ ጻፈች። ከሥሩ «የመረመረው ቴክኒሻን ፊርማ» የሚል መስመር አለ። እዚያ ስትደርስ እጇ ቆመ።

«እዚህ ላይ መፈረም አልችልም» አለች። «ወረቀት የለኝም።»

ጓድ ወልደተንሣኤ የፈተናውን ወረቀት ወደራሱ ሳበና ከግርጌው አንድ ቃል ጻፈ። የቀዘቀዘውን ወተቱን አየት አድርጎ ኩባያውን ገፋ አደረገው።

«አሁን አለሽ» አላት። «ፈርሚ።»