ሠላሳ አንደኛው የግርጌ ማስታወሻ

ወጊ ቢረሳ ተወጊ አይረሳም። ተስፋው የሰደበውን ሰው ከነቀኑና ከነሰዓቱ ያውቃል። የአስተርእዮ ማርያም ማግስት፣ ሐሙስ፣ ጥር ሃያ ሁለት ቀን ሰማንያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ፣ ሰቆጣ ችሎት ውስጥ። ሰዳቢው ዳኛ ዓለምነህ ነበር፤ ያኔ ከትምህርቱ ከወጣ ዓመት ያልሞላው፣ ጢሙ እንኳ በወጉ ያልበቀለ ልጅ እግር። ተስፋው ደግሞ ሰባተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን አቁሞ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ተክሎ ማመልከቻ የሚጽፍ ጎልማሳ። አንዲት የጋዝጊብላ ሴት ስለ ድንበሯ ያስጻፈችውን ማመልከቻ ዳኛው በሁለት ጣቱ አነሣው፤ የሞተች አይጥ በጅራቷ እንደሚያነሣ ሰው።

"ይህን የጻፈው እጅ ነው እግር?" አለ።

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ሲጥመው ጊዜ ጨመረበት። "በዚህ እጅ ብዕር ከሚያዝበት ሞፈር ቢጨበጥበት ለአገር ይበጅ ነበር።"

ተስፋው ይህን የሰማው በር ላይ ቆሞ ነበር። ባላገሩም አብሮ ሳቀ፤ እሱን ነው እስከ ዛሬ የሚያቃጥለው። የሚጨበጠው እርፍ ነው እንጂ ሞፈር አይደለም! ሞፈር የሚጨበጥ የመሰለው ሰው የገበሬ ድንበር ሲዳኝ፣ ገበሬው ራሱ አፉን ከፍቶ ይስቅለታል። ተስፋው ይህችን መልስ ያገኛት ከችሎት ወጥቶ ጃንጥላው ሥር ከተቀመጠ በኋላ ነበር። መልስ እንደዚያ ነው፤ ሁልጊዜ እንግዳው ከሄደ በኋላ የሚደርስ ወጥ።

ስምንት ዓመት መልሷን ይዟት ቆየ። በዚህ መካከል እሱም ከብዕር ወደ ጽሕፈት መኪና፣ ከጽሕፈት መኪና ወደ ኮምፒዩተር ተሻገረ። አሁን የሚቀመጠው ምስራቅ የምትባል ሴት የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ውስጥ፣ ከደብተሩ መደርደሪያ ጀርባ ነው። ጣቶቹን ሳያይ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው በከተማው ከእሱ ሌላ አልነበረም። የየመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ደብዳቤ ሲቸኩልበት "አቶ ተስፋው" ይለዋል፤ ደብዳቤው ሲያልቅ "አቶ"ው አብሮ ያልቃል።

በዘጠና ሰባት ታኅሣሥ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ምስራቅ ከደጅ ተጣራች።

"ጋሼ ተስፋው፣ የአዲስ አበባ እንግዳ መጥቶልዎታል! ኮቱ ብቻውን ሱቁን ይገዛል።"

ዓለምነህ ነበር። ወፍሯል፤ ጢሙም በቅሏል። ዳኝነቱን ትቶ አዲስ አበባ ሕግ ያስተምራል አሉ። ተስፋውን ከእግር እስከ ራሱ አየው፤ አላወቀውም። ረግጦት ያለፈውን ሣር ማን ያስታውሳል?

"ጸሐፊው አንተ ነህ?"

"ነኝ። ምን ልታዘዝ?"

ዓለምነህ ቦርሳውን ከፍቶ ሦስት ነገር ጠረጴዛው ላይ ደረደረ፤ በእጅ የተጻፈ ስድሳ ገጽ፣ በላስቲክ የታሠሩ ቁራጭ ካርዶች፣ አራት ገጽ መመሪያ።

"ለሕግ መጽሔት የሚላክ ጥናት ነው። ገጾቹ ዋናው ጽሑፍ ናቸው፤ ካርዶቹ የግርጌ ማስታወሻ ናቸው፣ በየቁጥራቸው ይገባሉ። መመሪያው የመጽሔቱ ነው። ከእሱ ጋር አንዲት ነገር ብትዛነፍ ሳያነቡ ነው የሚመልሱት። ሐሙስ ከሰዓት እወስዳለሁ፣ ዓርብ ንጋት ላይ አውቶቡስ አለኝ፣ ሰኞ የመጨረሻው ቀን ነው። የሥራ ዕድገቴ የተንጠለጠለው በዚህ ነው። ገባህ?"

"ገባኝ።"

"ታይፕ አርግ እንጂ አታስብ። አስባለሁ ያለ ጸሐፊ ነው ጽሑፍ የሚያበላሽ።"

ተስፋው መመሪያውን እንደ ዳዊት ደገመው። ግራው ኅዳግ ሦስት ተኩል ሳንቲ ሜትር፣ ቀኙ ሁለት ተኩል። ከሦስት መስመር የበለጠ ጥቅስ ከግራም ከቀኝም ገባ ይበል፣ ፊደሉም ይነስ። የግርጌ ማስታወሻ ከአንድ ጀምሮ ሳይቋረጥ ይቆጠር። ከሰው አፍ የተገኘ ቃል ሁሉ ከነተናጋሪው ስም፣ ከነቦታውና ከነቀኑ ይጠቀስ። በስድስተኛው አንቀጽ ላይ ሲደርስ ቆመ። የአቅራቢው ስም ከሽፋኑ በቀር የትም ገጽ ላይ አይገኝ ይላል፤ ገምጋሚዎቹ ማን እንደጻፈው ሳያውቁ፣ ያለ ወዳጅነትና ያለ ቂም እንዲፈርዱ።

"ያለ ቂም!" አለና ሳቀ።

"ምን አገኙ?" አለች ምስራቅ።

"የተማሩ ሰዎች እርስ በርሳቸው ይፈራራሉ አሉ። ስም ካዩ ይጣላሉ። እና ስሙን ይደብቁታል።"

"እንደ እኛ ሽማግሌዎች ይበሉኛ።"

"እንደ እኛ ሽማግሌዎች" አለ ተስፋው፣ ወደ ሥራው እየተመለሰ።

የጥናቱ ርእስ ሽፋኑን ሞልቶታል፦ "የባህላዊ እርቅ ውሎች ሕጋዊ ጉድለት፣ የዋግ ተሞክሮ።" ዋግ ውስጥ ሦስት ዓመት ሲዳኝ በአገሬው ቋንቋ በኽምጣንጋ "እንዴት አደርህ" ማለት እንኳ ያልለመደ ሰው ነው የዋግን ተሞክሮ የሚጽፈው። ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባል የለ! ተስፋው ግን የእጁን ሥራ ያውቃል። ሰኞ ሃያ ገጽ፣ ማክሰኞ ሃያ ገጽ ጨረሰ። መብራት ሲጠፋ ካርዶቹን በቁጥራቸው እየደረደረ ጠበቀ፤ ሲመጣ ጻፈ።

ረቡዕ ጠዋት፣ አርባ ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ የራሱ ቃል ከወረቀቱ ላይ ቀና ብሎ አየው።

"እኛ ሽማግሌዎች በእግዚአብሔር ስም ተቀምጠን፣ የሟችን ወገንና የገዳይን ወገን አስታርቀን..." የሚል የእርቅ ውል ነው፤ ፎቶ ኮፒው ከገጹ ጋር ተያይዟል። የፊደሉን ጎንበስ ማለት አወቀው። ራሱ የጻፈው ነው፤ በሰማንያ አምስት የካቲት፣ በሰሃላ በኩል በአንዲት ቀበሌ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አንድ አባወራ ከገበያ ሲመለስ መንገድ ላይ ተገድሎ ተገኘ። ገዳዩን ያየ አልነበረም። በዓመቱ የገዳዩ አባት ከሰው ተሰውሮ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ሽማግሌዎች እግር ላይ ወደቀ። የሟች ወገኖች "ደሙ ይድረቅ እንጂ ማን እንደሆነ አታሰሙን፤ ከሰማን አያስችለንም" አሉ። በዚያ ቀበሌ ደንብ እንዲህ ያለ እርቅ ከተፈጸመ የገዳዩ ስም ከሽማግሌ አፍ አይወጣም፣ ወረቀት ላይም አይወርድም። ውሉን እንዲጽፍ የተጠራው ተስፋውም እንደ ሽማግሌዎቹ መስቀል ጨብጦ ምሎ ነው የተቀመጠው። ያም ሆኖ ልማድ ነውና ብዕሩ "ገዳይ" ከሚለው ቃል ቀጥሎ ስም ሊያሰፍር ሲል፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ አባ ወልደ ኢየሱስ መዳፋቸውን ወረቀቱ ላይ ጣሉት።

"እዚህ ላይ ዝለል፣ ልጄ።"

"ስም የሌለው ውል፣ ውል ይሆናል ወይ አባ?"

"ሽማግሌ ይሞታል፤ ወረቀት አይሞትም። የሟች ልጅ ዛሬ ሰባት ዓመቱ ነው። ነገ ፊደል ይቆጥራል፣ ከነገ ወዲያ ያነባል። ጸሐፊ ከሆንህ ባዶ መጻፍም ልመድ።"

ባዶ ጻፈ። በዕድሜው ከጻፈው ሁሉ ያችን ባዶ ቦታ የምታህል የለችውም። ማመልከቻው ሁሉ ተጥሏል፣ ደብዳቤው ሁሉ ተረስቷል፤ ያች ስፍራ ግን አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ጠብቃለች። የሟች ልጅ ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ አሥረኛ ክፍል ጨርሷል፣ ማንበብ ይችላል፣ የአጎቱ ጠመንጃም ግድግዳ ላይ አለለት። ባለፈው ጥምቀት ተስፋው በዓይኑ አይቶታል፤ ከገዳዩ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተገጣጥሞ ሲጨፍር። አንዱ አያውቅም። ሌላው ያውቃል፤ እያወቀ አጎንብሶ ይጨፍራል።

አሁን ዓለምነህ ስለዚያች ባዶ ቦታ ምን አለ? "ሰነዱን የጻፈው ፊደል ከመቁጠር ያለፈ ዕውቀት የሌለው ሰው በመሆኑ፣ የዋናውን ተዋዋይ ስም መመዝገብ እንደሚገባ እንኳ አልተረዳም። እርቁን በሕግ ፊት ፈራሽ የሚያደርገው ይኸው ድንቁርና ነው።" ከዚያ በኋላ ሠላሳ አንድ ቁጥር።

ተስፋው ሠላሳ አንደኛውን ካርድ አነሣ።

"በሰነዱ የተዘለለው ስም የሚከተለው ነው" ይልና የገዳዩን ስም፣ ከነአባቱ፣ ከነአያቱ፣ ከነመንደሩ አስቀምጦታል። ተናጋሪው ደግሞ ከሽማግሌዎቹ አንዱ የነበሩት አቶ ገብረ ሊባኖስ ናቸው፤ "ቴፑን አጥፋ ስላሉኝ በእጄ የያዝሁት፣ ሐምሌ 1996" ይላል።

ገብረ ሊባኖስን ያውቃቸዋል። በመጨረሻው ክረምታቸው አእምሯቸው ከድቷቸው የልጃቸውን ስም እንኳ ይዘነጉ ነበር፤ በፍልሰታ ጾም ዐረፉ። አንድ ቀሪ ስም ነበረቻቸው፤ ለአዲስ አበባ ሰው ሰጥተዋት ሄዱ።

ዓለምነህ ከቀትር በኋላ ሥራው የት ደረሰ ብሎ ብቅ ሲል ተስፋው ካርዱን ይዞ ተነሣ።

"ጌታዬ፣ ይህች ሠላሳ አንደኛዋ ብትቀርስ?"

"ለምን ትቀራለች?"

"ስሙ ለሟች ወገኖች ያልተነገረ ነው። ሽማግሌዎቹ አውቀው ነው የዘለሉት። ልጁ አድጓል..."

"አንተ!" አለ ዓለምነህ፤ ምስራቅን እያየ ሳቀ፣ የችሎቱን ሳቅ። "እኔ ተመራማሪ ነኝ፣ አንተ ልቅሶ ደራሽ! መጽሔቱ የተሟላ መረጃ ይላል። ሰሃላ ውስጥ የሕግ መጽሔት ማን ያነባል? ፍየሉ?"

"አንድ ሰው ካነበበ ይበቃል።"

"ታይፕ አርግ አልሁህ እንጂ አማክረኝ አልሁህ?"

"ጋሼ እኮ እውነታቸውን ነው..." ብላ ምስራቅ ጀመረች።

"አንቺ ደብተርሽን ሽጪ" አለና ወጣ።

ምስራቅ በሩን እያየች ከንፈሯን መጠጠች። "ምን ዓይነት ባለጌ ነው! ንገሩት እንጂ፤ 'የጻፍሁት እኔ ነኝ' ይበሉት!"

"ብለው ምን ይለኛል መሰለሽ? 'ታዲያ ስሙን ለምን አልጻፍህም' ነው የሚለኝ።"

ከዚያ ተቀምጦ ሥራውን ቀጠለ። በዓለምነህ ጽሑፍ ላይ አንዲት ነጥብ አላጓደለም። ስለ ራሱ ድንቁርና የተጻፈውን እንኳ ፊደል በፊደል አስገባ፤ ውሉን መመሪያው እንዳለው ከግራም ከቀኝም ገባ አድርጎ፣ ባዶዋን ቦታ በልኳ ትቶ አስቀመጠ። የገዛ ስድቡን እንዲህ አሳምሮ የጻፈ ሰው በዋግ አልታየም። ከግርጌ ሠላሳ አንድ የሚለውን ቁጥር አሰፈረ፤ ከቁጥሩ ቀጥሎ ምንም። ከዚያ ወደ ጓሮ ወጣና ካርዷን በክብሪት ለኮሳት። ጠንካራ ወረቀት ነበረችና በቶሎ አልነደደችም፤ መጀመሪያ የአያቱ ስም ጠቆረ፣ ከዚያ የአባቱ፣ ከዚያ የራሱ።

ሐሙስ ከሰዓት ዓለምነህ መጣ። የታተመውን ገጽ በገጽ ገለበጠ፣ ኅዳጉን በማስመሪያ ለካ፣ ቁጥሮቹን ቆጠረ። ስህተት አጣ፤ ፊቱ ግን አንዲት የምስጋና መስመር አላወጣም። አርባ ሁለተኛው ገጽ ላይ ጣቱ ቆመ።

"ሠላሳ አንድ የት አለ?"

"እዚያው ነው።"

"ባዶ ነው እኮ! ካርዱስ?"

"ካርዱ የለም።"

"ጠፋ?"

ዓለምነህ የቀሩትን ካርዶች ጠረጴዛው ላይ በተናቸው፤ ሠላሳ፣ ሠላሳ ሁለት፤ በመካከሉ ምንም።

"ቁጥር ያለ ማስታወሻ! ይህን ሲያዩ ሙሉውን ይመልሱታል። ቁጥሩን ብሰርዘው ደግሞ ክርክሬ በምን ይቆማል? ሰውየው እውነት ሰው መሆኑን ያሳየሁት በዚያች ካርድ ነው!" ዓይኑን ጨፍኖ ግንባሩን ያዘ። "እሺ፣ ማን ነበር ስሙ? ወልደ... ሀብተ... አባቱማ... ሽማግሌውም ሞተዋል አሉ።"

ተስፋው ያኔ ነው ልቡ ሞልቶ የናቀው። የችሎቱ ሳቅ እንኳ እንዲህ አላስናቀውም ነበር። ሰው የሚያስገድል ስም በእጁ ጽፎ፣ በቦርሳው ተሸክሞ፣ አምስት ወር ሳይሞላው ረሳው! ለእሱ ቁጥር ነበር፤ ሠላሳ አንድ።

"አንተ አንብበኸዋል" አለ ዓለምነህ፣ ድንገት ቀና ብሎ። "ትናንት ካርዱን በእጅህ ይዘህ ነበር። ታስታውሳለህ። በል ተቀመጥና ጻፈው።"

ተስፋው ኮምፒዩተሩን ዘጋ። ጋቢውን ከወንበሩ ላይ አነሣ።

"እየነገርሁህ! ሰኞ የመጨረሻው ቀን ነው። እግዜር ያሳይህ፣ አንድ ስም!" ደጅ የቆሙት ደንበኞች አንገታቸውን አስገቡ። የዓለምነህ ድምፅ ሰው ሲያይ ከፍ አለ፤ እንደ ድሮው። "እዚህ አገር እንዲህ ነው፤ ባዶ መተው ብቻ ነው የሚያውቁት! እስኪ እናንተው ፍረዱ፣ ይህ በእጅ የተጻፈ ነው በእግር?"

አንዱ ደንበኛ ሳቀ። ምስራቅ ተስፋውን አየችው።

ስምንት ዓመት የቆየችው መልስ ምላሱ ጫፍ ላይ መጣች፣ ከነእርፏ ከነሞፈሯ። አፉን ሊከፍት ነበር። ግን አፍ አንዴ ለመልስ ከተከፈተ መቼ እንደሚዘጋ ማን ያውቃል? ከመልሷ ኋላ የውሉ ነገር አለ፤ ከውሉ ኋላ ባዶዋ ቦታ፤ ከባዶዋ ኋላ ስሙ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ዋጣት።

ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣለ፣ በደንበኞቹ መካከል አለፈ፣ ወደ ቁልቁለቱ መንገድ ወረደ።

"ስሙን ብቻ!" ይላል ከኋላው ዓለምነህ፣ ወረቀቱን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ። "ሰማህ ወይ? ስሙን ብቻ ንገረኝ!"

ተስፋው ዞር ሳይል ሄደ።